ፈርሜ ያላነበብኩት ደንብ

የኮሌጃችን የኢሜይል አጠቃቀም ደንብ ስድስት ገጽ ነው። ዛሬ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ የቱ አንቀጽ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ሳልደናገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ዓመት ስገባ ግን ከመታወቂያ ፎርሙና ከቤተ መጻሕፍት ካርዱ ጋር ተደርቦ ሲሰጠኝ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ፈረምኩና መለስኩት። ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላዬ የቆመው ልጅ ደግሞ እስክሪብቶዬን ሊዋስ እጁን ዘርግቷል። ማን ያነባል?

ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቺ ፊርማ ተመዘዘችብኝ። ለ23 ቀን ኢሜይሌ ተዘጋ። ተማሪ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ምዝገባው፣ ውጤቱ፣ የቤት ሥራ ማስገቢያው፣ ከአማካሪ ጋር መገናኛው ሁሉ የሚከፈተው በዚያው አካውንት ነው። ይሄን ሁሉ ያመጣብኝ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥፋት ቢሆን ባልገረመኝ። "ምን አለበት?" እያልኩ ያለፍኳቸው ትንንሽ ነገሮች ናቸው ተጠራቅመው የጠበቁኝ። እንደ እኔ ፈርማችሁ ያላነበባችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች በክፍያ መተየብና ገጽ ማስተካከል ጀምሬ ነበር። ሥራው ሲቀዘቅዝብኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የባቻችን ተወካይ የፈተና ፕሮግራም ስትልክ የ340 ተማሪ አድራሻ በተቀባይ መስመሩ ላይ እንዳለ ደርድራው ነበር። ዝርዝሩን ገለበጥኩ፤ ማስታወቂያዬን ጻፍኩ፤ ላክሁ። እንዴት ያለች ብልህ ነኝ አልኩ።

የመጀመሪያው መልስ "ስንት ነው ዋጋው?" የሚል ነበር፤ ለሁሉም የተላከ። ሁለተኛው "እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ" ይላል፤ እሱም ለሁሉም። ሦስተኛው "አንተስ ለሁሉም እየመለስክ አይደል?" ሲል፣ ከዚያ "ከዚህ ዝርዝር አውጡኝ" ባዮች ተከታተሉ። እስከ ማታ 60 መልስ ተቆጠረ። 60 መልስ ለ340 ሰው ማለት 20,400 ኢሜይል ነው፤ አንዲት የትየባ ማስታወቂያ ያስነሳችው። ከአይቲ ክፍል አጭር ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፦ የኮሌጁን ኢሜይል ለንግድ መጠቀምና ያልተፈቀደ የጅምላ መልእክት መላክ ክልክል ነው፣ ደንቡን ይመልከቱ። ደንግጬ ይቅርታ ጻፍኩ። ይቅርታዬንም ለሁሉም ላክሁት።

ኋላ ላይ ስለዚህ ነገር ሳነብ እንዳየሁት፣ ጥፋቱ ከእኔ ዕድሜ በላይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 የአንድ ኮምፒውተር አምራች የሽያጭ ሰው አዲስ ማሽን ለማስተዋወቅ የኢንተርኔት መነሻ በሆነው በአርፓኔት ኔትወርክ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ማስታወቂያ ላከ። አድራሻው ከመብዛቱ የተነሣ ከተቀባይ መስመሩ አልፎ ወደ ደብዳቤው ውስጥ ፈሰሰ። ኔትወርኩ ለምርምርና ለመንግሥት ሥራ የተዘረጋ ስለነበር ወቀሳው ወዲያው ተነሣ። ዛሬ ስፓም የምንለው የጀመረው እዚያ ላይ ነው ይባላል። እኔም የሠራሁት ያንኑ ነው፤ ለትምህርት የተሰጠኝን መንገድ ገበያ አደረግሁት፤ የ340 ሰውንም አድራሻ እርስ በርስ አሳየሁ።

ለብዙ ሰው መላክ ግድ ከሆነባችሁ አድራሻዎቹን ቢሲሲ በሚባለው ስውር መስመር አስገቡ፤ አንዱ የሌላውን አያይም፣ "ለሁሉም መልስ" የሚለውን ቢነካም መልሱ ወደ እናንተ ብቻ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ያንን ዝርዝር ለምን ጉዳይ እንደተሰጣችሁ ጠይቁ። ለፈተና ፕሮግራም የተሰበሰበ አድራሻ ለፈተና ፕሮግራም ነው። በእንዲህ ያለው ዝናብ ውስጥ ያላችሁ ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ ዝም በሉ። "አትመልሱ" ብሎ ለሁሉም የሚመልስ ሰው እሳቱን በጋዝ እያጠፋ ነው።

ማስጠንቀቂያው ላይ "ደንቡን ይመልከቱ" ይላል ብያችኋለሁ። አላየሁትም። ያን ዕለት አንብቤው ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለውን ባልጻፍኩ።

ሦስተኛ ዓመት፣ አንደኛ ሴሚስተር። የቡድን ሥራ የማስገቢያው ሰዓት ሊሞላ አርባ ደቂቃ ሲቀረው እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ የመጨረሻው ፋይል ያለው እኔ ኢሜይል ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ደወለች። "ፓስወርድሽን ንገሪኝ፣ አውርጄ ላስገባው" አለችኝ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ደብተር የምንጋራ ሰዎች ነን። መከልከል አለማመን መሰለኝና ፊደል በፊደል ነገርኳት። አስገባች፤ ዳንን። እሷ ግን የከፈተችው በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ነበር፤ ብራውዘሩ "ፓስወርዱን ላስቀምጠው?" ሲላት በጥድፊያ "አዎ" ብላ፣ ከአካውንቱም ሳትወጣ ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ ነገረችኝ፤ ሳቅንበት። ፓስወርዱን አልቀየርኩም።

የደንቡ ሁለተኛ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለ፦ በአካውንትዎ የተደረገ ነገር ሁሉ እርስዎ እንዳደረጉት ይቆጠራል። ዋናው ነገር እሱ ነው። ፓስወርድ መስጠት ቁልፍ ከማዋስ ይለያል። ቁልፍ የተዋሰ ሰው ቤት ውስጥ ይገባል፤ ፓስወርድ የተዋሰ ሰው ግን በእኔ ስም ይጽፋል፣ በእኔ ስም ይፈርማል። እምቢ ማለት የሚከብዳችሁ ከሆነ ደንቡን ሰበብ አድርጉት፤ "ያስቀጡኛል" ማለት "አላምንሽም" ከማለት ይቀላል። ፋይሉን አስቀድሞ ሁሉም የቡድኑ አባል በሚያገኘው የጋራ ፎልደር ላይ ማኖር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ያን ቀን እንደዚያ ብናደርግ ኖሮ ማንም የማንንም ፓስወርድ ባላስፈለገው።

ስድስት ሳምንት አለፈ። እሑድ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬን ስነካካ አንድ ኢሜይል ገባ። ላኪው "የአይቲ ድጋፍ ክፍል" ይላል። "የመልእክት ሳጥንዎ 98 በመቶ ሞልቷል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ አዲስ መልእክት አይደርስዎትም።" ማክሰኞ ለአማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ የምልክበት ቀን ነው። ሳጥኔ ሞልቶ አስተያየቱ ቢጠፋብኝስ? ሊንኩን ተጫንኩ። የኮሌጁ ዓርማ፣ የምናውቀው ሰማያዊ ቀለም፣ የስምና የፓስወርድ ሣጥን። አስገባሁ። "ትክክል አይደለም፣ እንደገና ይሞክሩ" አለኝ። እንደገና ሞከርኩ፤ ገባሁ። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ይሄን ነገር በኋላ ሰው አስረድቶኝ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ገጽ ሐሰተኛ ነበር። ፓስወርዴን ተቀብሎ "ተሳስተሻል" ካለኝ በኋላ ወደ እውነተኛው ገጽ አሻገረኝ። ሁለተኛው ሙከራዬ የሠራው እውነተኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። አስተውላችሁ የጻፋችሁት ፓስወርድ ያለምክንያት "ትክክል አይደለም" ካላችሁ ከመድገማችሁ በፊት ወደ አድራሻ መስመሩ ቀና በሉ። በስልክ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላኪው ስም እንጂ አድራሻው አይደለም። ስሙን ነካ ስታደርጉት አድራሻው ይገለጣል። እኔ በኋላ ነካሁት፤ ከኮሌጃችን ስም ጋር አንድም የሚያገናኘው ፊደል አልነበረውም።

ጠዋት ስነሣ 212 ያልተነበበ መልእክት ጠበቀኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉም "መልእክትዎ ሊደርስ አልቻለም" የሚሉ ናቸው፤ ወደማላውቃቸው አድራሻዎች፣ በማላውቀው ርዕስ የተላኩ። በመካከላቸው አንድ የሰው ድምፅ አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህሬ። "ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ? የላክሽልኝን ለመክፈት ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። አስቸኳይ ከሆነ ደውዪልኝ።" ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እዩልኝ፤ ከጥፋቶቼ ሁሉ የከፋው ይህ ነውና። አፈርኩ። እነዚያን መልእክቶች አንድ በአንድ አጠፋሁ። የተላኩትን አጠፋሁ። የእሑዱን ኢሜይል ጭምር አጠፋሁ። ፓስወርዴን ቀየርኩ፤ ለመምህሬ "በስህተት ነው፣ አይክፈቱት" ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው ክፍል ገባሁ። ለአይቲ ክፍል አንድ ስልክ ብደውል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ማስረጃውን በገዛ እጄ አጥፍቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

ረቡዕ ዕለት ከኮሌጃችን ወደ ውጭ የሚላክ ኢሜይል ሳይደርስ ተመልሶ መምጣት ጀመረ፤ የሁሉም ሰው። ሐሙስ ጠዋት አካውንቴ ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ አይቲ ክፍል ተጠራሁ።

የተቀበሉኝ ጸጉራቸው የሸበተ ባለሙያ ናቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ "ተቀመጪ ልጄ" ብለው ስክሪናቸውን ወደ እኔ አዞሩት። መስመር በመስመር የተደረደረ ሰዓትና አድራሻ ነው፤ ሎግ ይሉታል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ከሌላ አገር በእኔ ስም ገብቷል። የኮሌጁ ሥርዓት ገደብ አልፈሻል ብሎ እስኪያቆመው ድረስ 4,116 ኢሜይል ልኳል። እያንዳንዱ መስመር ላይ የእኔ ስም አለ። እኔ ተኝቼ ነበር።

"ጓደኛዬ ናት!" አልኩ። እንዲህ በቀላሉ ነው ያልኩት። "ፓስወርዴን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ትታዋለች።"

ሰውዬው አልመለሱልኝም። ጻፍ ጻፍ አደረጉና ሌላ ገጽ ከፈቱ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር በየማታው የተቀመጠውን ሁሉ ይደመስሳል፤ እዚያ የቀረ ነገር የለም። ከዚያ እሑድ ማታ በኮሌጁ ዋይፋይ ላይ የነበረች አንዲት ስልክ የከፈተችውን ገጽ በጣታቸው አሳዩኝ። የገጹን አድራሻ አነበብኩት። ስልኳ የእኔ ናት። "እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እየሠራሽ ነበር?" አሉኝ፤ ድምፃቸው አሁንም ለስላሳ ነው። ጓደኛዬ ግን በዚያች በአንዲት ዓረፍተ ነገሬ ስሟ መዝገብ ገብቷል፤ ኮሚቴው ፊትም ጠርተዋታል። እናንተ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ከተቀመጣችሁ ሎጉን ሳታዩ የሰው ስም አትጥሩ።

ቀጥለው የአካውንቴን ማስተካከያ ከፈቱት። እዚያ ውስጥ እኔ ያላወጣሁት ሕግ ተቀምጧል፤ ስሙ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ከአይቲ ክፍል የሚመጣ፣ ወይም "ፓስወርድ" እና "ስፓም" የሚሉ ቃላት ያሉበት መልእክት ሁሉ ሳልየው ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር እንዲገባ ያዛል። አይቲ ክፍል ለሁለት ቀን ሲጽፍልኝ ኖሯል፤ አራት ማስጠንቀቂያ እዚያ ተቀብሮ ተገኘ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለ፦ የሚገባልኝ ኢሜይል ሁሉ ቅጂው ወደ ውጭ አድራሻ እንዲተላለፍ። ፓስወርዴን መቀየሬ እነዚህን አልነካቸውም። በሩን ቆልፌያለሁ፤ መስኮቱ ግን እንደተከፈተ ነው።

በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ምን ገብቶልኝ ነበር? የጥናት ባልደረባዬ የላከልኝ ፋይል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያነጋገርናቸው የ11 ሰዎች መልስ፣ ከነሙሉ ስማቸው፣ ከነስልካቸው። ስማችሁ አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

አሥራ አንዱንም ደወልኩላቸው። አማካሪዬ ናቸው ያዘዙኝ፤ እውነቱን ለመናገር በራሴ ባልደፈርኩት። አንዲት ሴትዮ ዝም ብለው ሰሙኝና "እኔ ለአንቺ ነበር የነገርኩሽ" ብለው ስልኩን ዘጉ። ከኮሚቴውም፣ ከእገዳውም ይልቅ እስካሁን የሚሰማኝ ያ ነው። የሰው ምስጢር ያለበት ፋይል በኢሜይል እንዳለ አይላክም። ስሙን አውጥታችሁ ቁጥር ስጡት፤ ፋይሉን በፓስወርድ ቆልፉት፤ ፓስወርዱን በዚያው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ ንገሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ኢሜይልን ከፖስት ካርድ ጋር ያመሳስለዋል፤ ፖስት ካርድ ላይ የማትጽፉትን ኢሜይል ላይ አትጻፉ ይላል። ዘመኑ ቢርቅም ምክሩ አላረጀም።

ስለ ላኪው ስም ባለሙያውን ጠይቄያቸው ነበር። "እንዴት በእናንተ ስም ሊጽፍ ቻለ?" አልኳቸው። ኢሜይል እስከ ዛሬ የሚጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው የሚተዋወቁ ተመራማሪዎች ነበሩ አሉኝ። በወረቀት ፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን የላኪ ስም እንደሚጽፈው ሁሉ ሥርዓቱ "አንተ ማን ነህ?" ብሎ አይጠይቅም ነበር። የማረጋገጫ ዘዴዎች የተጨመሩት በኋላ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚያጣሩት አድራሻውን እንጂ ከፊቱ የሚታየውን ስም አይደለም።

መምህሬ ለምን ሊከፍቱት እንደሞከሩም የገባኝ ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 "እወድሃለሁ" በሚል ርዕስ ዓለምን ያዳረሰው ቫይረስ የተስፋፋው ከማያውቁት ሰው ስለመጣ አልነበረም፤ ከሚያውቁት ሰው የአድራሻ መዝገብ ራሱን እየላከ ስለመጣ ነው። የእኔም ስም ለዚያ ነው የተፈለገው። 4,116ቱ ውስጥ ያመኑኝ ሰዎች ነበሩበት።

የታመነ ስም ሲበላሽ ደግሞ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ተቀባይ ሰርቨሮች፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀባበሉት ኮምፒውተሮች፣ የሚመዝኑት ላኪውን ሰርቨርና የኮሌጁን አድራሻ ነው። ከአንድ አካውንት ስፓም ከጎረፈ ኮሌጁ በሙሉ የማይታመኑ ላኪዎች በሚጻፉበት ጥቁር መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ መዝገብ እስክንወጣ አምስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን አንድ የማላውቀው የተመራቂ ክፍል ተማሪ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። የሥራ ማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ላይ ተመልሶበታል። "አንቺ ነሽ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሌላ አልተናገረም፤ ሄደ። ማመልከቻውን ከግል አድራሻው ቀድሞ ልኮት እንደነበረ የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል ያሳለፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ፦ ደብዳቤዎቼን አንብበው ይሆን? እዚያ ውስጥ ከእህቴ ጋር የተጻጻፍነው አለ፤ የማይወራ የቤተሰብ ጉዳይ። ጠየቅኋቸው። ባለሙያው ሳቁ። "ጊዜው ከየት መጥቶ?" አሉ። ሎግ የሚይዘው ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል መጠን እንደላከ ነው። ይዘቱን ለመክፈት በደንባችን ምርመራና የኃላፊ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢሆንም ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳጥኑ የኮሌጁ ንብረት እንደሆነ በግልጽ ተጽፏል። የእናንተ ኮሌጅ ደንብ ይለይ ይሆናል፤ ይህንን ክፍል ግን ፈልጋችሁ አንብቡት፤ ማን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ፈቃድ ሊያየው እንደሚችል እዚያ ነው የሚገኘው።

ኮሚቴው ፊት የቀረብኩት በሦስት ነገር ነው፤ ፓስወርድ ለሌላ ሰው በመስጠት፣ አካውንቴ መጠለፉን እያወቅሁ ባለማሳወቅ፣ እና ካለፈው ዓመት ማስጠንቀቂያ ጋር ተደምሮ። ሐሰተኛውን ሊንክ መጫኔን እንደ ጥፋት አልቆጠሩብኝም። መታለል ወንጀል አይደለም አሉ ሰብሳቢው፤ የጠየቅንሽ ስለ መደበቅሽ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት መከላከያ ሦስት ገጽ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ ደክሞኝ፣ ስልኬ አሮጌ ሆኖ። አማካሪዬ በቀይ ቀለም ከላይ እስከ ታች ሰረዙበትና ጠርዙ ላይ "የሆነውን ብቻ፣ በሰዓቱ" ብለው ጻፉ። ቀንና ሰዓት ያለበት አንድ ገጽ አዘጋጀሁ፤ ምን እንዳየሁ፣ ምን እንዳደረግሁ፣ ምን እንዳጠፋሁ። ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት የኮሚቴ አባል "ይህንን በመጀመሪያው ቀን ብታመጪልን ኖሮ" ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። የተሰጠኝ የ23 ቀን እገዳ፣ ፋይሌ ውስጥ የሚቀመጥ ማስጠንቀቂያ፣ በሚቀጥለው ዓመትም አዲስ ገቢዎችን ስለ ደንቡ ማስረዳት ነው። ጓደኛዬ በሌላ ሰው አካውንት በመግባቷ የቃል ተግሣጽ ደረሳት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ተቀብላኛለች። እንነጋገራለን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

እንግዲህ እንደ እኔ ጠዋት ተነሥታችሁ 212 የማታውቁት መልእክት ቢጠብቃችሁ ምንም አታጥፉ። መጀመሪያ ለአይቲ ክፍል ደውሉ፤ ኢሜይል አትጻፉላቸው፣ ሌላ ሰው እያነበበው ሊሆን ይችላልና። ከዚያ በሌላ መሣሪያ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ "ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ" የሚለውን ተጫኑ፤ ማጣሪያ ሕጎቹን፣ ማስተላለፊያውን፣ መልሶ ማግኛ ሆኖ የተመዘገበውን ስልክና አድራሻ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ ትጠቀሙበት ከነበረ እዚያም ቀይሩ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ በስልካችሁ ቁጥር ወይም ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ካለ ዛሬውኑ አብሩት፤ እሱ ቢኖረኝ ፓስወርዴ ብቻውን ለዚያ ሰው በር ባልከፈተለት። አብርታችሁትም ሳትጠይቁ "ይፈቀድ?" የሚል ጥያቄ ስልካችሁ ላይ ከመጣ እንቅልፍ ቢነሳችሁም "አዎ" አትበሉ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩንም ለማንም፣ የአይቲ ባለሙያ ነኝ ለሚል ጭምር አታንብቡ።

የግል ነገራችሁን በግል አድራሻ አድርጉት። ይህን የምለው ስለ ምስጢር ብቻ አይደለም። ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ከተመረቀ በኋላ አካውንቱን ይዘጋሉ፤ በዚያ አድራሻ የከፈታችሁት ሁሉ ፓስወርድ ሲጠፋባችሁ የማደሻው መልእክት ወደተዘጋ ሳጥን ይሄዳል። ከእኛ በላይ የነበረች ተማሪ የአራት ዓመት ፎቶዎቿን እንደዚያ አጥታቸዋለች። በተቃራኒው ደግሞ የኮሌጁን ኢሜይል ሁሉ በራሱ ወደ ግል አድራሻ እንዲተላለፍ ማድረግ ለምን እንደተከለከለ አይገባኝም ነበር፤ የእነዚያን የ11 ሰዎች ፋይል ካየሁ በኋላ ገባኝ።

በንዴት የተጻፈ ደብዳቤም ሳይላክ ይደር። በእገዳው መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ውጤት ለመምህር የጻፍኩት ነበር፤ የተቀባዩን መስመር ባዶ ትቼ ጻፍኩት፣ ጠዋት ሳነበው ከአሥር መስመር ሁለቱ ብቻ ተረፉ። አድራሻውን መጨረሻ ላይ ማስገባት ጥሩ ልማድ ነው፤ ጣት ቢስት እንኳ የሚሄድበት የለም። "መልሼ አነሳዋለሁ" በሚለው አትተማመኑ። በአንዳንዱ ኢሜይል መላክን መሻር የሚቻለው ለጥቂት ሴኮንዶች ነው፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው የተቀባዩ ነው፤ ሊያስተላልፈውም ሊያትመውም ይችላል።

አዲስ ገቢዎችን ሳስረዳ ደንቡን አላነብላቸውም፤ ይተኙብኛል። ያቺን ባለ አንዲት ነጥብ ሕግ በትልቁ ስክሪን ላይ አሳያቸውና የራሳቸውን አካውንት እዚያው ከፍተው እንዲያዩ አደርጋለሁ። ባለፈው ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "እኔም ጋ አለች" አለ።

አይቲ ክፍል አብረን ሄድን። ባለሙያው ቀና ብለው አዩንና መነጽራቸውን አስተካክለው "ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘሽ መጣሽ?" አሉኝ። ልጁ ገና ጫማው ላይ አፍጦ ነበር። "መቼ ነው የጀመረው?" አሉት። "ከትናንት ማታ" አለ። ሰዓታቸውን ተመለከቱ፤ ከጀመረ አሥራ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላውም። "ተቀመጥ ልጄ" ብለው ስክሪናቸውን ወደ እሱ አዞሩት።